የተራራ ግግር በረዶን የዓመት ሒሳብ በችካልና በጉድጓድ መዝጋት

ብዙ ሰው አንድ ግግር በረዶ አደገ ወይስ አነሰ ብሎ ሲጠይቅ ዓይኑን የሚጥለው ታችኛው ጫፉ ላይ ነው። እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ጫፉ ግን የሚያወራው የቆየ ወሬ ነው፤ ላይ የተፈጠረ ለውጥ ታች እስኪታይ ዓመታት፣ በትልልቆቹ ላይ ደግሞ አሥርት ዓመታት ያልፋሉ። የዘንድሮውን ለማወቅ ጀርባው ላይ ወጥቶ ገቢና ወጪውን መመዝገብ ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ከሰማይ የሚወርደውንም ተራራ ላይ የተጋገረውንም በደፈናው በረዶ እንላለን። እዚህ ግን ካልለየናቸው ሒሳቡ ይበላሻል። አዲስ የወረደ ለጋ በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ይመዝናል። አንድ ሞቃት ወቅት ሳይቀልጥ ያለፈውን የከረመ በረዶ እለዋለሁ፤ ተጨምቆ ከ400 እስከ 800 ኪሎ ይደርሳል። በውስጡ ያለው የአየር መተላለፊያ ሲዘጋ ግግር ይሆንና 900 ገደማ ይመዝናል። ለግግሩ የዓመት ገቢ ሆኖ የሚቆጠርለት የከረመው ብቻ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሞቃቱ ወቅት ሲያበቃ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የሒሳብ ዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ይያዛል። ከታች ጀምራችሁ ሽቅብ፣ በግግሩ መሐል መሐል፣ በእንፋሎት መሰርሰሪያ ቀዳዳ እየበሳችሁ ችካል ትከሉ። ጥልቀቱ ላይ አትሰስቱ። የመጀመሪያ ዓመቴ ላይ ታችኛውን ችካል ሦስት ሜትር ብቻ አስገብቼው ነበር። በዓመቱ ስመለስ በረዶው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት፤ ከሦስት ሜትር በላይ እንደቀለጠ ብቻ እንጂ ስንት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አልቻለም። የዚያ ቦታ የዓመቱ ቁጥር ለዘለዓለም ጠፋ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን ታች ላይ ከስምንት ሜትር በታች አላስገባም። ባዶ የብረት ቱቦ ከሆነ ደግሞ ታችኛውን አፉን በእንጨት ድፈኑት፤ አለዚያ በራሱ እየሰመጠ ያሳስታችኋል።

ንባቡ ቀላል ነው። አምና ከበረዶው በላይ 40 ሳንቲ ሜትር ይታይ የነበረ ችካል ዘንድሮ 2 ሜትር ከ90 ከታየ 2 ሜትር ተኩል ግግር ሄዷል ማለት ነው። ይህንን ወደ ውሃ መንዝሩት፤ በ0.9 ሲባዛ 2.25 ሜትር ውሃ ይሆናል። ሳይመነዘር ከላይኛው ክፍል ቁጥር ጋር አይደመርም።

ላይኛው ክፍል ላይ ችካል ብቻውን አይበቃም፤ ጉድጓድ መቆፈር አለበት። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ፀሐይ የማያገኘውን ግድግዳ በአካፋ ስታስተካክሉት የዓመቱ በረዶ ንብርብር ሆኖ ይታያል፦ እዚህ ነፋስ ያጠጠረው፣ እዚያ ቀልጦ እንደገና የረጋ ስስ መስታወት። እየወረዳችሁ ስትሄዱ አንድ ቦታ ላይ ግራጫ መስመር ይመጣል። አቧራ ነው፤ አምና ሞቃቱ ወቅት ሲያልቅ የነበረው ወለል እዚያ ላይ ነው። በጣት ሲነካ ከሥሩ ያለው ቅንጣት እንደ ሻካራ ጨው ያንኮሻኩሻል። ከዚያ መስመር በላይ ያለው የዘንድሮ ገቢ ነው። መጠኑ በሚታወቅ ቱቦ ከየንብርብሩ እየወሰዳችሁ መዝኑ። 500 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ቱቦ በአማካይ 260 ግራም ካወጣ፣ ሜትር ኩቡ 520 ኪሎ ነው። ጉድጓዱ እስከ መስመሩ 1.5 ሜትር ከሆነ ገቢው 0.78 ሜትር ውሃ ይሆናል።

ድምሩ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት የችካሎቹን ቁጥር ደምረው ለችካሎቹ ብዛት ስለሚያካፍሉ ነው። እያንዳንዱ ቁጥር በሚወክለው ስፋት መባዛት አለበት። ለምሳሌ ታች 3 ካሬ ኪሎ ሜትር 2.2 ሜትር ከስሮ፣ መሐል 3 ካሬ ኪሎ ሜትር 0.6 ከስሮ፣ ላይ 4 ካሬ ኪሎ ሜትር 0.7 ቢያተርፍ፣ የግግሩ አማካይ ኪሳራ 0.56 ሜትር ነው። ዝም ብሎ ለሦስት ማካፈል ግን 0.7 ይሰጣል።

ገቢና ወጪው እኩል የሚሆንበትን ከፍታም መዝግቡ። አየሩ ሲሞቅ ያ መስመር ወደ ላይ ይሸሻል፤ በረዶ ሆኖ ይወርድ የነበረው ዝናብ ይሆናል፤ የሚቀልጥበትም ጊዜ ይረዝማል። ቀለሙም ነገሩን ያባብሰዋል። ለጋ በረዶ ከሚያርፍበት ብርሃን 80 በመቶና ከዚያ በላይ ሲመልስ፣ የተጋለጠ አቧራማ ግግር ከ40 በመቶ በታች ይመልሳል። በሞቃቱ ወቅት መሐል አንድ ሌሊት የሚጥል በረዶ ማቅለጡን ለቀናት ሲገታው ደጋግሜ አይቻለሁ። በተቃራኒው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በአልፕስ ተራሮች ላይ የቀዝቃዛው ወቅት በረዶ ስስ ነበር፣ ከሰሃራ የመጣ አቧራ አለበሰው፣ ሙቀቱም በረታ፤ የስዊዘርላንድ ግግሮች በዚያ ዓመት ብቻ ከበረዷቸው 6 በመቶ ገደማ አጡ። ደረቅና ከፍተኛ ተራሮች ላይ ደግሞ ግግር ውሃ ሳይሆን በቀጥታ ተን ሆኖ ይሄዳል። ይህ ከማቅለጥ ስምንት እጥፍ ያህል ሙቀት ስለሚፈልግ ኪሳራው ዝግ ይላል፤ ቢሆንም ኪሳራ ነውና ውሃ አይወርድም ብላችሁ ችካሉን ሳታነቡ አትለፉ።

አንድ ዓመት ብቻውን ስለ አየር ንብረት ብዙ አይናገርም። በስዊድን፣ ስቶርግላሲያረን በሚባለው ግግር ላይ ይህ ሒሳብ እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ ሳይቋረጥ ተይዟል፤ የዚያ ዓይነት መዝገብ ነው የሚያስተማምነው። ስለዚህ ከመውረዳችሁ በፊት ጎልቶ የወጣውን ችካል ሁሉ እንደገና በስታችሁ አስገቡ፣ ከበረዶው በላይ የቀረውን ርዝመት ሁለት ጊዜ ለኩ፣ በእርሳስ ጻፉት። ስንጥቆቹን በረዶ ስለሚሸፍናቸው በገመድ ሳትያያዙና ብቻችሁን አትንቀሳቀሱ።