ንግሥት አልቀበልም ያለው ቀፎ

ቀፎው ያስገባሁለትን አዲስ ንግሥት ገደለ። ፍሬሙን፣ ማለትም የማር እንጀራው የተሠራበትን የእንጨት ማዕቀፍ፣ ወደ ብርሃን አዘንብዬ ሳየው ምክንያቱ ታወቀ፦ በአንዱ ቀዳዳ ሦስት አራት እንቁላል፣ ያውም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ። የሠራተኛ ንብ ሆድ አጭር ስለሆነ ወለሉ ድረስ አይደርስም። የተከደነው ቀዳዳ ሁሉ ክዳኑ እንደ ጥይት ጫፍ አብጧል፤ ውስጡ ያለው ድንጉላ (ወንድ ንብ) ብቻ ነው። ንግሥትም እጭም ሲጠፋ ሠራተኞቹ ራሳቸው እንቁላል መጣል ጀምረዋል ማለት ነው። እንዲህ ላለ ቀፎ ሌላ ንግሥት መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

እንቁላል የሚጥሉት ሠራተኞች እንዳይመለሱ ብለው ንቦቹን ከቀፎው ራቅ አድርጎ ማራገፍን የሚመክሩ አሉ፤ እኔ አላምንበትም። እንቁላል ጣዮቹ ብዙ ናቸው፣ በርረውም ይመለሳሉ።

የሠራልኝ ከጠንካራ ቀፎ እንቁላልና ያልተከደነ እጭ ያለበትን ፍሬም፣ ንቦቹን ጠርጎ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ መጨመር ነው። የሠራተኞቹን እንቁላል መጣል የሚያፍነው በዋናነት የእጮቹ ሽታ ነው። በሦስተኛው ፍሬም ላይ የንግሥት ቤት ሠሩ። ከዚያ ቀፎውን አልነካሁትም፤ እንቁላሉ ከተጣለ ጀምሮ ንግሥቷ አድጋ ከቤቷ እስክትወጣ 16 ቀን፣ ለስሪያ በርራ መጣል እስክትጀምር ደግሞ ሁለት ሳምንት ግድም ይፈጃል።

አሁን በየቀዳዳው አንድ እንቁላል፣ ወለሉ ላይ። ፍሬም ያዋጣው ቀፎ ግን ስለሳሳ ስኳር በጥብጬ እየሰጠሁት ነው።