በሌሊት የሚነድ የእግር አውራ ጣት፦ ሪህን ለይቶ ለማወቅና ለመቆጣጠር

በሐዋሳ ጉልበቱን የሚያመውም፣ ወገቡን የያዘውም፣ የእጁ ጣቶች የሚቆረጥሙትም «ሪህ ነው» ማለቱ የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሐኪሞች ጋውት የሚሉትን፣ በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ መገጣጠሚያ ውስጥ ሲጠጥር የሚከሰተውን በሽታ። በዕድሜ ብዛት የተበላ ጉልበትና ሪህ የያዘው ጉልበት መድኃኒታቸው አንድ ስላልሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት ብዙ ሰው ለዓመታት የማይሆነውን ኪኒን እንዲውጥ አድርጓል።

ዩሪክ አሲድ ፒዩሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲፈራርስ የሚተርፍ ቆሻሻ ነው። ፒዩሪን በሥጋና በዓሣ ውስጥ ቢኖርም አብዛኛው የሚመነጨው ከራሳችን ሕዋሳት ነው። ከቆሻሻው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን የሚያስወግዱት ኩላሊቶች ሲሆኑ፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ዘንድ ዋናው ችግር ኩላሊታቸው በሚገባው መጠን አለማስወጣቱ ነው። ስለዚህ «የሀብታም በሽታ» የሚለው አባባል ታማሚውን ከማሳፈር ያለፈ ጥቅም የለውም። መጠኑ በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊ ግራም ገደማ ሲያልፍ እንደ መርፌ የሾሉ ክሪስታሎች ሊሠሩ ይችላሉ፤ ቅዝቃዜ መጠጠሩን ስለሚያግዝም ከሌላው አካል ይልቅ የሚቀዘቅዘው የእግር አውራ ጣት ሥር ብዙውን ጊዜ ቀዳሚው ተጠቂ ይሆናል። ወንዶች በብዛት የሚያዙት በጉልምስና ዕድሜ ነው፤ ሴቶችን ግን ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ዩሪክ አሲዱን በሽንት እንዲወጣ ስለሚያግዝላቸው፣ የወር አበባቸው እስኪቋረጥ ድረስ እምብዛም አይነካቸውም።

ምልክቱ አይሸሸግም። ማታ በጤና የተኛ ሰው ሌሊት በሕመም ይነቃል፤ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል፣ ጋቢ ሲያርፍበት እንኳ መታገሥ ያቅታል። ሕመሙ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጫፉ ይደርስና ያለ ሕክምናም ቢሆን በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይለቃል። ይሁንና ከእብጠቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ በተለይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ይገባል። ባክቴሪያ የገባበት መገጣጠሚያም ልክ እንዲህ ይመስላል፤ እርሱ ደግሞ በቀናት ውስጥ መገጣጠሚያውን ሊያበላሸው ይችላል። ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ መመርመር ነው።

ሕመሙ በተነሳበት ጊዜ እግሩን በትራስ ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ለ20 ደቂቃ ያህል ያኑሩበት፤ ውኃም ይጠጡ። ቅዝቃዜ ክሪስታሉን ያጠጥራል ከተባለ በኋላ በረዶ መምከር እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል፤ ነገር ግን በዚህ ሰዓት የሚያሠቃየው የመገጣጠሚያው መቆጣት ስለሆነ ቅዝቃዜ ያስታግሰዋል። ወደ ወንዶ ገነት ፍል ውኃ ወርዶ መነከሩ እብጠቱ እስኪወርድ ይቆይ። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸትም መቆጣቱን ከማባባስ በቀር የሚፈይደው የለም።

መድኃኒቱ ቶሎ ሲጀመር የተሻለ ይሠራል። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ፣ ኮልቺሲን፣ ፕሬድኒሶሎን ሦስቱ የተለመዱ አማራጮች ሲሆኑ፣ የትኛው እንደሚስማማ የሚወስነው የታማሚው ሌላ ሕመም ነው። ኩላሊቱ የደከመ ወይም የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ሕመሙ በተነሳ ቁጥር ፋርማሲ ጎራ ብሎ ዳይክሎፌናክ መወጋቱ አደገኛ ልማድ ነው፤ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ የደም ስኳርን ይጨምራል።

ስለ ደም ምርመራው አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ሕመሙ በተነሳበት ሰዓት የዩሪክ አሲድ መጠን ወርዶ ሊገኝ ስለሚችል፣ ውጤቱ ደህና ነው ተብሎ ሪህ አይደለም ማለት አይቻልም፤ ከ2 ሳምንት በኋላ መድገም ይገባል። በተቃራኒው ምንም ሕመም ሳይኖርበት «ዩሪክ አሲድህ ጨምሯል» የተባለ ሰው ሪህ አለበት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜም መድኃኒት አያስፈልገውም። በዚህ አንድ ወረቀት ምክንያት ስንቱ ቤተሰብ ተጨንቋል!

ዋናው ስሕተት የሚፈጸመው ሕመሙ ከለቀቀ በኋላ ነው። ታማሚው ድኛለሁ ብሎ ይረሳዋል፤ ክሪስታሉ ግን ከመገጣጠሚያው አልወጣም። በዓመት አንዴ ይነሳ የነበረው ሕመም እየተደጋገመ ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ወደ ጉልበት፣ ወደ እጅ ጣቶች ይሻገራል። ዓመታት ሲያልፉ ከቆዳ ሥር እንደ ኖራ የነጣ እብጠት ይወጣል፤ የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት ይበላል፣ አጥንቱም ይቦረቦራል። አጥንቱ ከተቦረቦረ በኋላ መድኃኒቱ የቀረውን ያድናል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ስለዚህ በዓመት 2 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚነሳበት፣ እንዲህ ያለ እብጠት የወጣበት ወይም አጥንቱ መጎዳቱ በራጅ የታየበት ሰው አሎፑሪኖልን የመሰለ ዩሪክ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ያስፈልገዋል። የሚጀመረው በቀን በ100 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ባነሰ መጠን ሲሆን፣ ዩሪክ አሲዱ ከ6 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር ሕመሙ ሊነሳ ይችላል፤ ይህን ለመከላከል ሐኪሙ አነስተኛ ኮልቺሲን አብሮ ያዛል። «መድኃኒቱ ራሱ አሳመመኝ» ብሎ ማቋረጥ በዚህ ሰዓት የሚፈጸም ስሕተት ነው። ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያውኑ አቁመው ሐኪሙን ያማክሩ።

ምግብን በሚመለከት ቢራ ከሁሉም የከፋ ነው፤ አልኮሉም ፒዩሪኑም አንድ ላይ ናቸው። ዱለት፣ ጉበትና ኩላሊት ይቅሩ፤ ቁርጥና ክትፎ ይቀነሱ። በአሞራ ገደል የሚበላው ዓሣም ፒዩሪን ስላለው በመጠን ይሁን። ስኳር የበዛበት ለስላሳ መጠጥ ማንም ሳይጠረጥረው ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። በአንጻሩ ሽሮና ምስር ያለ በቂ ምክንያት ይከለከላሉ፤ በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ፒዩሪን እንደ ሥጋው የሪህን ሥጋት ሲጨምር አልታየም። ቡናም አይከለከልም፤ ስኳሩ ይቀንስ እንጂ። ረጅም ጾም ፈትቶ በአንድ ቀን ሥጋና ቢራ ማብዛት ሕመሙን ከሚቀሰቅሱት ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ፣ የፋሲካ ሰሞን ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በመጨረሻም ለደም ግፊት የሚወስዱትን ኪኒን ስም ለሐኪምዎ ያሳዩ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰሉ ሽንት የሚያበዙ መድኃኒቶች ዩሪክ አሲድ እንዳይወጣ ስለሚይዙ ሐኪሙ በሌላ ሊተካቸው ይችላል፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጧቸው።