ዳታው ኮምፒውተሩ ላይ አልደርስ ሲል፦ የሙቀት መቆጣጠሪያ፣ የኮሙኒኬሽን ሰርቨርና የክትትል ሶፍትዌር

መቆጣጠሪያው ፓኔሉ ላይ 180.5 ዲግሪ እያሳየ ሂተሩን በትክክል ያበራል፣ ያጠፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን የጥያቄ ምልክት፣ ዜሮ ወይም የማይመስል ቁጥር ይነበባል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚነካካው ሶፍትዌሩን ነው፤ ሰዓቱ የሚባክነውም እዚያ ነው። ጥፋቱን ከሽቦው ጀምራችሁ ወደ ላይ ፈልጉት።

መንገዱ ሦስት ክፍል አለው፦ መቆጣጠሪያዎቹን የሚያያይዘው የአርኤስ-485 ገመድ፣ ሲሪያሉን ወደ ኔትወርክ የሚቀይረው ሳጥን (ሲሪያል ሰርቨር ወይም ጌትዌይ)፣ ከዚያም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ኦፒሲ ሰርቨር (ዳታውን ከመቆጣጠሪያዎቹ አንብቦ ለሌላ ሶፍትዌር የሚያቀብል ፕሮግራም) እና የክትትል ሶፍትዌሩ። እዚህ ለምሳሌ የምንወስደው በአንድ መስመር ላይ የኦምሮን ኢ5ሲሲና የአውቶኒክስ ቲኬ መቆጣጠሪያዎች ያሉበትን፣ በሞድባስ አርቲዩ (በሲሪያል ገመድ ላይ ጥያቄና መልስ በሚሄድበት ፕሮቶኮል) የሚነጋገር፣ ሞክሳ ሳጥን የተገጠመለት ሥራ ነው። የሌላ ፋብሪካ ዕቃ ከሆነ የሬጅስተር (መቆጣጠሪያው ውስጥ ዋጋ የሚቀመጥበት ቦታ) ቁጥሩና የሴቲንጉ ስም ይለያል እንጂ አካሄዱ አይለወጥም።

ምልክቱን መጀመሪያ ለዩት። ዝምታ ነው (ታይምአውት)፣ እምቢታ ነው (ኤክሴፕሽን ኮድ)፣ ወይስ የተሳሳተ ቁጥር? ከመቆጣጠሪያው ከራሱ እምቢታ ከመጣ ደስ ይበላችሁ፤ ሽቦው፣ ፍጥነቱና አድራሻው ትክክል ነው ማለት ነው።

የሳጥኑ መብራቶች ጨርሶ ድርግም አይሉም

የመላኪያውም የመቀበያውም መብራት ከጠፋ ጥያቄው ከኮምፒውተሩ ወደ ሲሪያሉ አልደረሰም። ሳጥኑን ፒንግ አድርጉ። የማይመልስ ከሆነ በአብዛኛው ምክንያቱ የአይፒ አድራሻ ነው። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ ችግሩ ከመጣ ሳጥኑ በዲኤችሲፒ (አድራሻ በራሱ በሚያድለው አሠራር) አዲስ አድራሻ ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ቋሚ አድራሻ ስጡት። አዲስ ሞክሳ ሳጥን 192.168.127.254 ይዞ ስለሚመጣ፣ መጀመሪያ ሲከፈት ኮምፒውተሩን በጊዜያዊነት 192.168.127.10 ማድረግ ይበቃል።

ፒንግ እየመለሰ መብራቱ ካልበራ ፋየርዎሉን ተመልከቱ። በሪል ኮም (ሳጥኑን ለኮምፒውተሩ እንደ ተራ ኮም ፖርት በሚያሳየው ሞድ) የሚሠራ የሞክሳ ኤንፖርት ሲሪያል ሰርቨር የመጀመሪያ ፖርቱ 950ን እና 966ን ይፈልጋል፤ በቲሲፒ ሰርቨር ሞድ 4001ን፤ ሞድባስ ጌትዌይ ደግሞ 502ን።

ጥያቄው ይወጣል፣ መልስ አይመጣም

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይህ ነው። የመላኪያው መብራት ድርግም ይላል፣ የመቀበያው ጨለማ ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የሽቦ መገለባበጥ ነው። «ኤን (A) ከኤ፣ ቢን (B) ከቢ» የሚለውን ልማድ እርሱት፤ ፋብሪካዎች ፊደሉን በአንድ ዓይነት አይጠቀሙም። ኦምሮን ቢን ፕላስ፣ ኤን ማይነስ ብሎ ይጽፋል፤ አውቶኒክስ ግን ኤን ፕላስ፣ ቢን ማይነስ ይላል። ሁለቱን በፊደል ካገናኛችሁ አንዱ ወገን የተገለበጠ ነው፣ መስመሩም ሊታወክ ይችላል። ፕላስን ከፕላስ፣ ማይነስን ከማይነስ አያይዙ። ለማረጋገጥ ሶፍትዌሩን አቁማችሁ በመልቲሜትር በፕላስና በማይነስ መካከል ያለውን የዲሲ ቮልቴጅ ለኩ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ የሆነ ፖዘቲቭ ቁጥር መሆን አለበት። ኔጌቲቭ ካሳየ የተገለበጠ ነገር አለ። ለዜሮ ከቀረበ መስመሩን ሥራ ሲፈታ የሚደግፈው የባያስ ሪዚስተር የለም።

ሁለተኛው ፕሮቶኮሉ ነው። ኢ5ሲሲ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚናገረው ሞድባስ ሳይሆን የኦምሮንን ኮምፖዌይ/ኤፍ ነው፤ ፍጥነቱ 9600፣ 7 ዳታ ቢት፣ ኢቨን ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት)፣ 2 ስቶፕ ቢት። በኮሙኒኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ፕሮቶኮሉን ወደ ሞድባስ ቀይሩት፤ ዳታው 8 ቢት ይሆናል። አጥፍታችሁ ካላበራችሁት አዲሱ ሴቲንግ አይያዝም። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ወደዚህ ሴቲንግ ለመግባት የሚታለፈው የመነሻ ሴቲንግ ደረጃ ቁጥጥሩን ያቆማል፣ የሂተሩ አውትፑት ይጠፋል። እቃ በማሽኑ ውስጥ እያለ አትግቡበት፤ በኤክስትሩደር ላይ ፕላስቲኩ በሲሊንደሩ ውስጥ ሊጠጥር ይችላል።

ከዚያ ፍጥነት፣ ፓሪቲና ስቶፕ ቢት በመስመሩ ላይ ባሉት ሁሉ፣ በሳጥኑም ጭምር፣ አንድ መሆን አለበት። ሞድባስ ፓሪቲ ካለው 1 ስቶፕ ቢት፣ ከሌለው 2 ስቶፕ ቢት ይላል። የአንዱ ፓሪቲ ኢቨን፣ የሌላው ኖን ከሆነ ግማሾቹ ብቻ ይመልሳሉ፤ ሰው ይህንን እንደ ገመድ ብልሽት ቆጥሮ ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲቀይር ይውላል።

አራተኛው የሚያደክመው ነው፣ ምክንያቱም ሽቦው ላይ ምንም ጥፋት የለም። ተራ ሲሪያል ሰርቨር የሚያደርገው ባይቶችን እንዳሉ ማሳለፍ ብቻ ነው። ሞድባስ ጌትዌይ ግን ይተረጉማል፦ የሞድባስ ቲሲፒን 7 ባይት መነሻ ያነሳል፣ የመቆጣጠሪያውን አድራሻ ከፊት፣ ሲአርሲውን (የስህተት መፈተሻ ባይቶቹን) ከኋላ ይጨምራል። ሶፍትዌሩ ላይ «ሞድባስ ቲሲፒ» መርጣችሁ ወደ ተራ ሰርቨር ከላካችሁ መብራቱ ድርግም ይላል፣ መቆጣጠሪያዎቹ ግን የሚደርሳቸው ለእነሱ ትርጉም የሌለው ነገር ስለሆነ ዝም ይላሉ። መፍትሄው ከሁለት አንዱ ነው፦ ሶፍትዌሩ ላይ በኤተርኔት የሚላክ ሞድባስ አርቲዩን መምረጥ (ወይም በሪል ኮም እንደ ተራ ኮም ፖርት መክፈት)፣ አለዚያም ሳጥኑን በጌትዌይ መተካት። አዲስ ዕቃ የሚገዛ ሰው ጌትዌዩን ቢገዛ እንመክራለን፤ ዋጋው ቢጨምርም ጊዜ አቆጣጠሩንና ወረፋውን ራሱ ይይዛል።

ይሠራል፣ ይቆማል፣ ይሠራል

መስመሩ ላይ ያሉትን ዕቃዎች ሁሉ አጥፉና በፕላስና ማይነስ መካከል ያለውን ኦም ለኩ። በሁለቱ ጫፎች ላይ 120 ኦም ተርሚኔሽን (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጋ ሪዚስተር) ካለ ወደ 60 ይነበባል። 120 ካነበበ አንዱ ጠፍቷል። 40 ካነበበ መሐል ላይ አንድ ትርፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ የተረሳ ስዊች ነው። ሞክሳ ላይ ባያሱን 1 ኪሎ ኦም ወይም 150 ኪሎ ኦም የሚያደርግ ስዊች አለ፤ ተርሚኔሽን ያለበት ረጅም መስመር ላይ 1 ኪሎ ኦሙን ምረጡ።

ገመዱ ከአንዱ መቆጣጠሪያ ወደ ቀጣዩ መሄድ አለበት። እንደ ኮከብ ከአንድ ተርሚናል ወደ የአቅጣጫው ከተበተነ ተርሚኔሽን አያድነውም። የተጠማዘዘ ጥንድ ሽቦ ተጠቀሙ፣ ሺልዱን አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ከኧርዝ አያይዙ። ሁለት ፓኔሎች የተራራቁ ከሆነ ሦስተኛ ሽቦ ዘርግታችሁ የሲግናል ኮመናቸውን አገናኙ፤ አርኤስ-485 በሁለቱ ወገን መካከል የሚታገሠው ልዩነት ከማይነስ 7 እስከ ፕላስ 12 ቮልት ነው፣ ከዚያ ካለፈ ቺፑ ሊቃጠል ይችላል። መስመሩ የሚቋረጠው ሞተር ሲነሳ ወይም ኮንታክተር ሲመታ ከሆነ ገመዱ ከኢንቨርተሩ ገመድ ጋር በአንድ ቦይ እየሄደ እንደሆነ እዩ፤ ለዩት።

እንዲህ ዓይነት መቆራረጥ ከሁለት መቆጣጠሪያዎች አንድ አድራሻ መያዝም ይመጣል። ሁለቱም እኩል ይመልሳሉ፣ መልሱም ይበላሻል። አዲስ የተገጠመ መቆጣጠሪያ አድራሻው 1 ሆኖ ይመጣል፤ የተበላሸ ስትተኩ ቁጥሩን መቀየር አትርሱ።

እምቢታ

ኮድ 01 ፈንክሽኑን (የጥያቄውን ዓይነት) አላውቀውም፣ 02 ይህ ሬጅስተር የለኝም፣ 03 የሰጠኸኝ ቁጥር አይሆንም ማለት ነው። አውቶኒክስ ቲኬ የሚለካውን ሙቀት የሚሰጠው በፈንክሽን 04 ሲሆን አድራሻው 1000 ነው (ሰነዱ 301001 ይለዋል)። ኢ5ሲሲ ደግሞ በፈንክሽን 03 ነው የሚነበበው። አንዱን ዲቫይስ ኮፒ አድርጎ ለሌላው መጠቀም እምቢታ ያመጣል።

ኮድ 0ቢ (በአስርዮሽ 11) ግን ከመቆጣጠሪያው የመጣ አይደለም። ጌትዌዩ ነው የተናገረው፤ «ጠየቅሁት፣ አልመለሰልኝም» እያለ ነው። ወደ ዝምታው ክፍል ተመለሱ።

ቁጥር ይመጣል፣ ግን ስህተት ነው

1805 ካነበባችሁ ነጥቡ ነው፤ በ0.1 አባዙት። በቀዝቃዛ ክፍል 6535.6 ዲግሪ ከታየ፣ ጥሬው ቁጥር 65356 ነው፤ ይህም ማይነስ 180፣ ማለትም ማይነስ 18.0 ዲግሪ ነው። የዳታውን ዓይነት ኔጌቲቭ ወደሚቀበለው ባለ 16 ቢት ቀይሩት።

ኢ5ሲሲ ላይ ሁልጊዜ 0 የሚነበብ ከሆነ ሬጅስተር 0ን በ16 ቢት እያነበባችሁ ነው። እዚያ ያለው ሙቀት 32 ቢት ነው፣ ሁለት ሬጅስተር ይይዛል፣ ከፍተኛው ክፍል ይቀድማል፤ እናንተ የምታዩት ያንን ባዶ ክፍል ነው። በ32 ቢት አንብባችሁ 118292480 ከመጣ ደግሞ ሶፍትዌሩ ዝቅተኛውን ክፍል አስቀድሞ እየጠበቀ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጡ፣ 1805 ይሆናል። ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ባለ 2 ባይቱን አካባቢ መጠቀም ነው፦ ሙቀቱ በሄክሳዴሲማል 2000፣ በአስርዮሽ 8192 ላይ ይገኛል። 40001 የሚለው አጻጻፍ አድራሻ 0ን ስለሚያመለክት ይህ 408193 ተብሎ ይጻፋል። አንድ ቁጥር ወዲህ ወይም ወዲያ ከሆነ የሌላ ሬጅስተር ዋጋ ታነባላችሁ።

31000 ወይም እንዲህ ያለ የማይገመት ትልቅ ቁጥር የተቆረጠ ቴርሞካፕል መልእክት ሊሆን ይችላል። መቆጣጠሪያውን በዓይናችሁ እዩት።

አንድ አደገኛ ስህተት አለ፦ የሚለካው ሙቀትና እንዲደረስበት የተሰጠው ሙቀት (ሴትፖይንት) ለአፍታ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሞድባስ አርቲዩ መልስ ውስጥ የመቆጣጠሪያው አድራሻ አለ፣ የተጠየቀው ሬጅስተር ቁጥር ግን የለም። ሶፍትዌሩ ጠብቆ ጠብቆ ታይምአውት ብሎ ቀጣዩን ጥያቄ ሲልክ የዘገየው መልስ ከደረሰ፣ ለአዲሱ ጥያቄ የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። መድኃኒቱ የሶፍትዌሩን ታይምአውት ከሳጥኑ ታይምአውት ማስበለጥ ነው፤ ለምሳሌ ጌትዌዩ 500 ሚሊሴኮንድ ከሆነ ሶፍትዌሩ 1000 ይሁን። ተራ ሰርቨር ላይ ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚገናኘው ኮምፒውተር አንድ ብቻ ይሁን።

ይዘገያል

በ9600 አንድ ባይት ወደ 1.15 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። ጥያቄው 8 ባይት፣ የሁለት ሬጅስተር መልስ 9 ባይት ነው፤ መቆጣጠሪያው ከመመለሱ በፊት የሚጠብቀው 20 ሚሊሴኮንድና በመሐል የሚተወው ዝምታ ሲደመር አንድ ዙር ወደ 45 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። 24 መቆጣጠሪያ ካለ ከ1 ሴኮንድ በላይ ነው። ስካኑን (ሶፍትዌሩ በየስንት ጊዜው እንደሚጠይቅ) 100 ሚሊሴኮንድ ማድረግ ወረፋ ከመቆለል በቀር ምንም አያመጣም። ለሙቀት 2 ሴኮንድ ይበቃል።

አንድ መቆጣጠሪያ ጠፍቶ ሁሉም ከዘገየ ሒሳቡ ግልጽ ነው፦ 1000 ሚሊሴኮንድ ታይምአውት በ3 ሙከራ፣ በየዙሩ 3 ሴኮንድ ይበላል። ኬፕዌር የሚባለው ኦፒሲ ሰርቨር ያልመለሰውን ለጊዜው ወደ ጎን የሚያደርግ ዲሞሽን የሚባል ሴቲንግ አለው፤ አብሩት።

ኦፒሲው ያነባል፣ ስክሪኑ አያሳይም

በኦፒሲ ዲኤ (በአሮጌው የኦፒሲ ዓይነት) የተገናኘ ሌላ ኮምፒውተር ከዊንዶውስ ማሻሻያ በኋላ ከቆመ የዲኮም (ኦፒሲ ዲኤ በኮምፒውተሮች መካከል የሚነጋገርበት የዊንዶውስ አሠራር) ደኅንነት ለውጥን አስቡ፤ ማይክሮሶፍት ከመጋቢት 2023 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ጀምሮ እንዳይዘጋ አድርጎታል። ሁለቱንም ወገን አሻሽሉ፣ ከተቻለም ወደ አዲሱ ኦፒሲ ዩኤ እለፉ። እሱ ካልተገናኘ የክላየንቱን ሰርተፊኬት ሰርቨሩ ላይ «የታመነ» አድርጉ። የኮምፒውተሩንም ሰዓት እዩ፤ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ሰርተፊኬቱ ውድቅ ይሆናል።

ስክሪኑ የኳሊቲውን ዋጋ (ቁጥሩ መታመን አለመታመኑን የሚናገረውን) እንዲያሳይም አድርጉ። በኦፒሲ ዲኤ 192 ጥሩ፣ 0 መጥፎ ነው። ይህ ካልተሠራ ገመዱ ቢበጠስም የመጨረሻው ቁጥር ስክሪኑ ላይ እንደ ሕያው ይቆያል፤ ምድጃው እየጋለ ኦፐሬተሩ 180.5 እያየ ይቀመጣል። ኳሊቲው ሲበላሽ ቁጥሩ ቀለሙ ይቀየር፣ አላርምም ይጩህ።

ማንበብ ይቻላል፣ መጻፍ አይቻልም

ኢ5ሲሲ ላይ በኮሙኒኬሽን መጻፍ ከፋብሪካ ሲመጣ የተዘጋ ነው፤ «ኮሙኒኬሽን ራይቲንግ» የሚለውን ክፈቱት። ከተከፈተ በኋላ ግን ሶፍትዌሩ የተሰጠውን ሙቀት በየሴኮንዱ እንዳይጽፍ ተጠንቀቁ። የቋሚ ሜሞሪው ዕድሜ 1,000,000 ጊዜ መጻፍ ነው፤ በየሴኮንዱ ከተጻፈ ከ12 ቀን በታች ነው። ቁጥሩ ሲለወጥ ብቻ ይጻፍ፤ ሙቀቱ ቀስ በቀስ እንዲጨምር ከተፈለገ በመቆጣጠሪያው በራሱ ራምፕ ይሠራ፣ አለዚያ መቆጣጠሪያውን ቋሚ ሜሞሪውን ወደማይነካው የራም መጻፊያ ሞድ ቀይሩት።