ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ኬሚካል ላይ የሚሰሩ ስህተቶች፣ በተለይ እኛ ጎጃም

ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር የዱቄቱ፣ የዘይቱ፣ የወተቱ ፋብሪካ እየበዛ ነው፣ ልጆቻችንም እዛው እየተቀጠሩ ነው። ታዲያ ምግብ ነው የምንሰራው እየተባለ ኬሚካሉ እንደ ልብስ ሳሙና ሲያዝ ሳይ ያንገበግበኛል። ማሽን የሚታጠብበት ኮስቲክ ሶዳና ናይትሪክ አሲድ፣ የማቀዝቀዣው አሞኒያ፣ የነቀዝ ክኒኑ፣ ሁሉም ሰው ይገድላል።

የመጀመሪያውና እኔን በጣም የሚያስፈራኝ የነቀዝ ክኒን መጋዘን ውስጥ ጥሎ ዝም ማለት ነው። ነቀዙን የሚገድለው ክኒኑ ሳይሆን እርጥበት ሲያገኝ የሚለቀው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ነው፣ 3 ግራም የምትመዝን አንዷ ክኒን 1 ግራም ጋዝ ታወጣለች። ጋዙ ደግሞ በበር ስር ይወጣል፣ በቆርቆሮ ክፍተት፣ በግድግዳ ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ክፍል ይገባል። 50 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ አየር 50ዋ እጅ ብቻ፣ ለሕይወት አስጊ የሚባለው መጠን ነው። ነጭ ሽንኩርት ወይ የተበላሸ ዓሳ ይሸታል ይባላል ግን አፍንጫችሁን አትመኑት፣ ሳይሸትም ሊጎዳ ይችላል፣ ማርከሻ መድኃኒት ደግሞ የለውም። አሁን የደብረ ማርቆስን የኅዳር ብርድ አስቡት፣ ጥበቃው ጋቢያቸውን ተከናንበው የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፈው ተኝተዋል፣ ውስጥ ስንዴው ላይ ማታ ክኒን ተጥሏል፣ ለሳቸው የነገራቸው ሰው ግን የለም። “አያ፣ ዛሬ እዚህ አይደሩ፣ መድኃኒት ተጥሏል” ማለት ምን ይከብዳል? በሩ ላይ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፣ ቁልፉ አንድ ሰው እጅ ይሁን። ብርድ ሲሆን ክኒኑ ጋዙን የሚጨርሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጣሳው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ አይከፈት፣ ሲከፈትም በደንብ ይናፈስና በጋዝ መለኪያ ይታይ፣ ከ0.3 ፒፒኤም በታች ካልወረደ ማንም አይግባ። የቀረው አመድ የሚመስለው ብናኝም ጋዝ ሊኖረው ስለሚችል ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ አትጠቅጥቁት፣ ክምሩ ላይም ውሃ አትድፉ፣ ሊቀጣጠል ይችላል። እና እባካችሁ ሁለት ክኒን ኪስ ውስጥ ሸጎጥ አድርጎ ለቤት ጎተራ መውሰድ ይቅር፣ ጎተራው ያለበት ቤት ውስጥ ልጆች ይተኛሉ።

ሌላው የሃይላንድ ነገር ነው። ከትልቁ ጀሪካን ትንሽ አሲድ ወይ ኮስቲክ በሃይላንድ ቀድቶ ማሽኑ ስር ማስቀመጥ። መልኩ ውሃ ነው፣ የማታ ሺፍት የገባው ልጅ ጠምቶት መጥቶ ያነሳዋል፣ ከዛ በኋላ ጉሮሮው ድሮ እንደነበረው አይሆንም። ቀድታችሁ የምታስቀምጡበት ዕቃ የመጠጥ ዕቃ አይሁን፣ ስሙም በአማርኛ ይጻፍበት። ባዶውን የኬሚካል ጀሪካን ገበያ አውጥቶ መሸጥም ያው ነው፣ ገዢዋ እኮ ጠላ ወይ ውሃ ልታደርግበት ነው የምትገዛው፣ ስለዚህ ተቀዶ ከጥቅም ውጭ ይሁን።

በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል። ወተት ፋብሪካ ላይ ቱቦው መጀመሪያ በኮስቲክ ቀጥሎ በአሲድ ይታጠባል፣ በደንብ ሳይለቀለቅ “የበለጠ ይጽዳ” ብሎ በረኪና የሚጨምር አይጠፋም፣ ወዲያው የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። አንድ መደርደሪያ ላይም አታስቀምጧቸው፣ አንዱ ሲያፈስ ሌላው ላይ ነው የሚወርደው።

ኮስቲክ ላይ ውሃ መድፋት። መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዛ ኮስቲኩ ትንሽ በትንሹ እየተማሰለ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ይፈላና ፊት ላይ ይረጫል። በአሉሚኒየም ባልዲም አትበጥብጡት፣ ብረቱን በልቶ የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ያወጣል።

ዘይት ፋብሪካ ላይ ከፋጉሎው የቀረውን ዘይት የሚያወጣው ሄክሴን አለ፣ እሱ ከዜሮ በታች 22 ዲግሪ ላይ እንኳን የሚቀጣጠል ተን ይሰጣል፣ ተኑ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። እዛ አካባቢ ስልክም ሲጋራም ብየዳም የለም፣ በቃ።

የኮሮና ጊዜውን ማስክ አድርጎ አሞኒያ ክፍል መግባትም አለ። ጨርቅ ጋዝ አይዝም። ለአሞኒያ የሚሆነው የጋዝ ጭምብል ላይ የሚገጠም አረንጓዴ ምልክት ያለው ፊልተር ነው፣ እሱም ቀኑ ያልፍበታል፣ ደግሞ ትልቅ ፍሳሽ ከሆነ ፊልተር ራሱ አያድንም፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ወጥቶ መራቅ ነው። ጓንትና መነጽር፣ ስለ አደጋውም ስልጠና፣ የአሠሪው ግዴታ እንደሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 ላይ አለ፣ ስለዚህ ስትጠይቁ ልመና አይደለም።

አደጋ ሲደርስ የሚሰራው ስህተት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከደግነት የሚመጣ ነው። አይኑ ውስጥ ኮስቲክ ገባ ሲባል ሎሚ ይፈለጋል፣ ጠጣ ሲባል ወተት ይጋታል ወይ ጣት ከቶ ያስመልሱታል። ሎሚው ይቅር፣ አይኑን ከፍቶ በንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ቢጮህም ማቆም የለም። ኮስቲክ ወይ አሲድ የጠጣ ሰው እንዲያስመልስ አይደረግም፣ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋል። የነቀዝ ክኒን የዋጠ ከሆነ ደግሞ ውሃም አትስጡት፣ ሆዱ ውስጥ ጋዙ ይብሳል፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ስትሄዱ የኬሚካሉን ሌብል በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደነካው ነው።