ክትባትን ብርድም ያበላሸዋል፦ ለወሎ ሆስፒታል ፋርማሲዎች የአያያዝ መመሪያ

ክትባትን ሙቀት እንደሚያበላሸው የማያውቅ የጤና ባለሙያ የለም፤ ብርድ እንደሚያበላሸው በዕለት ሥራው የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ይህ በወሎ ትልቅ ጉዳይ ነው። ከኮምቦልቻና ከከሚሴ ሞቃት አየር ተነሥቶ ከ2,400 ሜትር በላይ ወደምትገኘው ደሴ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ደላንታና ወደ መቅደላ ደጋ የሚወጣ ክትባት በአንድ ጉዞ ሁለቱንም አደጋ ይጋፈጣልና።

በሆስፒታል ደረጃ የመደበኛ ክትባቶች ማቆያ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት)፣ የኩፍኝና የፖሊዮ ጠብታ በዋናነት የሚፈሩት ሙቀትን ነው። ፔንታ (አምስት በሽታዎችን በአንድ የሚከላከለው)፣ የሳንባ ምች፣ የጉበት፣ የቲዲ (የመንጋጋ ቆልፍና የዲፍቴሪያ) እና የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባቶች ግን በውስጣቸው ያለው የአሉሚኒየም ውሁድ አንድ ጊዜ ከበረደ (በረዶ ከሆነ) ቅንጣቶቹ ስለሚጣበቁ፣ በረዶው ቢቀልጥም ኃይላቸው አይመለስም። ብልቃጡ ላይ ያለው ቪቪኤም የተባለው የሙቀት መጠቆሚያ ምልክት የሚቆጥረው ሙቀትን ብቻ ስለሆነ፣ ውስጠኛው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ክብ ነጣ ብሎ ቢታይም ክትባቱ አለመብረዱን አያረጋግጥም።

ስለዚህ የፍሪጁ ሙቀት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቅዳሜና እሑድን ጨምሮ፣ ተነብቦ በቻርቱ ላይ መመዝገብ አለበት። ከላይ በሚከፈተው የክትባት ማቀዝቀዣ ብርድ የማይችሉት በላይኛው ቅርጫት፣ ቢሲጂና ኩፍኝ ከታች ይቀመጣሉ፤ ክትባቶቹ ከቅርጫት ውጭ ወይም ግድግዳውን ነክተው አይደረደሩም። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚደርሰው መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ነው፦ ባለሙያው ቶሎ ይቀዝቅዝ ብሎ መቆጣጠሪያውን ከፍ ያደርገዋል፣ ሌሊቱን ፍሪጁ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ብልቃጡ ቀልጦ እንደ ጤነኛ ይታያል። መብራት ሲመጣ መቆጣጠሪያውን አይንኩ፤ በሩን ዘግተው ይጠብቁ። ፍሪጅ ታግ የተባለው መመዝገቢያ ሙቀቱ ለ60 ደቂቃ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲቆይ፣ ወይም ለ10 ሰዓት ከ8 ዲግሪ በላይ ሲሆን ምልክት ስለሚያሳይ፣ ማለዳ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው።

በርዷል ብለው ከጠረጠሩ የመነቅነቅ ፈተና ያድርጉ። አምራቹና ባቹ (የምርት ዙሩ) ከተጠረጠረው ጋር አንድ የሆነ ሌላ ብልቃጥ ሆን ብለው በረዶ እስኪሆን አብርደው ያቅልጡት፤ ከተጠረጠረው ጋር በአንድ እጅ ይዘው ለ10 እስከ 15 ሰኮንድ ይነቅንቁና ጎን ለጎን አስቀምጠው በብርሃን ፊት ይመልከቱ። የተጠረጠረው ዝቃጭ ከበረደው እኩል ወይም ከእሱ ፈጥኖ ከወረደ ይወገዳል፤ በግልጽ ከዘገየ ያገለግላል። በረዶ ሆኖ የተገኘ ብልቃጥ ግን ሳይፈተን ይወገዳል። ወደ ጤና ኬላ ሲልኩም አይስ ፓኩን (በረዶ የሆነውን የውኃ ጥቅል) ከማቀዝቀዣ እንዳወጡ ወደ ካሪየር (የክትባት መያዣ ሣጥን) አያስገቡት። ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ሲያወዛውዙት ውኃው ሲንቦጫረቅ እስኪሰማ መቆየት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሩቅ መንገድ ይዛ የምትሄደውን ያህል፣ ይህን ጥቂት ጊዜ መታገሥ የፋርማሲው ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጉዳይ መበጥበጫ፣ ማለትም የደረቀ ክትባት የሚሟሟበት ፈሳሽ፣ ነው። በሆስፒታል ፍሪጅ ውስጥ እንደ ሰክሳሜቶኒየም ያሉ ጡንቻን የሚያዝሉ መድኃኒቶች፣ ኢንሱሊንና ኦክሲቶሲንም ይቀመጣሉ፤ የክትባት ፍሪጅ ግን ለክትባትና ለመበጥበጫው ብቻ መሆን አለበት። በ2014 እ.ኤ.አ. በሶርያ ኢድሊብ በኩፍኝ ዘመቻ 15 ሕፃናት የሞቱት፣ አትራኩሪየም የተባለው ጡንቻን የሚያዝል መድኃኒት በመበጥበጫ ምትክ ገብቶ ነው። ቦታ ጠቦናል ማለት ለዚህ ምክንያት ሊሆን አይችልም። ለእያንዳንዱ ክትባት የሚያገለግለው የአምራቹ የራሱ መበጥበጫ ብቻ ስለሆነ፣ ክትባቱ ሲወጣ መበጥበጫውም በእኩል ቁጥር ይውጣ፤ ሁለቱም በአንድ ቢን ካርድ (የክምችት መመዝገቢያ ካርድ) ላይ ጎን ለጎን ይመዝገቡ።

የተበጠበጠ ቢሲጂና ኩፍኝ ቢበዛ ለ6 ሰዓት ያገለግላል፤ ክትባት መስጠቱ ቀድሞ ካለቀም ያኔውኑ ይወገዳል። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው የመጣያው ሰዓት ቢሆን ይሻላል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የተበጠበጠው ላይ «ከቀኑ 9 ሰዓት ይጣል» ተብሎ ይጻፋል። በባቲ የሰኞ ገበያ ቀን ተራው ሲበዛ የቀረውን ጠብታ ለማዳን የሚደረገው ፍላጎት ይገባኛል፤ ነገር ግን እነዚህ ክትባቶች ተህዋስያንን የሚከላከል ቅመም የላቸውም። በ2017 እ.ኤ.አ. በደቡብ ሱዳን 15 ሕፃናት የሞቱበት ዘመቻ አንድ መበጥበጫ መርፌ ለ4 ቀን ያገለገለበትና ክትባቱም ያለ ቅዝቃዜ የቆየበት ነበር። የፔንታና የቲዲ ባለ ብዙ መጠን ብልቃጥ፣ ቪቪኤሙና ቅዝቃዜው ከተጠበቀ፣ ከተከፈተ በኋላ እስከ 28 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የተከፈተበት ቀን ግን ይጻፍበት።

የዘመን አቆጣጠሩንም ልብ ይበሉ። ብልቃጥ ላይ 03/2026 የሚለው በእኛ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ኅዳር 2026 ብሎ ያነበበ ሰው ከሰባት ዓመት በላይ ይስታል። በመደርደሪያ መለያው ላይ ሁለቱንም ቀን መጻፍ ይጠቅማል።

ያገለገለ መርፌ ክዳኑ ሳይመለስለት ወደ ሴፍቲ ቦክስ ይገባል፤ ሣጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል።

በክትባት ክፍል ያለውን አድሬናሊን ማሟላትና ጊዜው እንዳላለፈ መፈተሽ የፋርማሲው ሥራ ነው። የተከተበ ሰው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆይ። አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ) ከታየ 1 በ1,000 የሆነው አድሬናሊን በኪሎ 0.01 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ለ10 ኪሎ ሕፃን 0.1 ሚሊ ሊትር፣ በጭኑ መሐል በውጭ በኩል ጡንቻ ውስጥ ይሰጣል። ከዚያም ሪፖርቱ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላካል፤ ብልቃጡና መበጥበጫው ከነባች ቁጥራቸው ታሽገው፣ «ለምርመራ» ተብሎ ተጽፎባቸው፣ ምርመራው እስኪያልቅ ከሌላው ክትባት ተለይተው በቅዝቃዜ ይቀመጣሉ።