ከፋሲካ ማግስት የምንሠራቸው ስህተቶች

የትንሣኤ ሌሊት «ተነሥቷል!» ብሎ የዘመረ ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታው ሲደርስ ሁሉም ነገር ያው ነው። አለቃው ያው ነው፣ ዕዳው ያው ነው፣ የሚያመው ወገቡም ያው ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያ ሌሊት ራሱ የዛሬ ዓመት የሆነ ይመስላል። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ከታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን አሁንም አልተውኳቸውም።

በዓሉን እሑድ ማታ መዝጋት

ለጾሙ በደንብ እንዘጋጃለን። ለፋሲካ ማግስት የሚዘጋጅ ሰው ግን ብዙ አላየሁም። ጸሎቱም ንባቡም በዓሉ ላይ እስክንደርስ ይጠነክርና በማግስቱ ጥቅልል ብሎ ይቀመጣል፤ እስከ ዓመት ድረስ።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት 50 ቀናት እንደ አንድ ረጅም እሑድ ይቆጠሩ ነበር። በ325 እ.ኤ.አ. ኒቅያ ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ በ20ኛው ቀኖናው፣ በእሑድና በእነዚህ 50 ቀናት ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ደንግጓል። ያን ሁሉ ከባድ ጉዳይ ይዘው የተሰበሰቡ አባቶች ስለ ጉልበት ደንግገው መነሣታቸው ደስ ይለኛል። ወድቆ የነበረው መነሣቱን ሰውነትም ይመስክር ነው ነገሩ።

ደቀ መዛሙርቱም በአንድ ቀን አልገባቸውም። ጌታ 40 ቀን እየተገለጠላቸው አስተምሯቸዋል። ቶማስ እንኳ ያየው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ስለዚህ በዓሉ ሳይገባህ ያለፈ ከመሰለህ ገና ጊዜ አለህ። የሐዋርያት ሥራ 28 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ብታነብ በ50ው ቀን ውስጥ ጨርሰህ ይተርፍሃል።

«ከሞትኩ በኋላ የሚደርሰኝ ነው» ማለት

ብዙዎቻችን የዘላለም ሕይወትን እንደ ጡረታ ነው የምናስበው። አሁን እየተቆረጠብን እንቆይና በስተርጅና እንቀበላለን። ዮሐንስ ግን እንደዚያ አይጽፍም። «እውነተኛ አምላክ ብቻ የሆንህ አንተን የላክኸውንም ኢየሱስ ክርስቶስን ያውቁ ዘንድ ይህች የዘላለም ሕይወት ናት» ይላል። ማወቁ ደግሞ ዛሬ ይጀምራል። በመልእክቱም ላይ ወንድሞችን ስለምንወድ ከሞት ወደ ሕይወት «እንደ ተሻገርን» እናውቃለን ይላል። እንሻገራለን አላለም፤ ተሻግረናል።

ይህ ነገር ምቾት ይነሣል። ከወንድሜ ጋር ሦስት ወር ተኮራርፌ «የዘላለም ሕይወትን ተስፋ አደርጋለሁ» ብል፣ ዮሐንስ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለው።

ሐዘንተኛን «አታልቅስ፣ በሰማይ ትገናኛላችሁ» ማለት

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ጓደኛዬ እናት ባረፉ በሁለተኛው ቀን አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። የእናቱን መነጽር በእጁ ይዟል። ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ መልሶ ያጥፈዋል። እንባው ዝም ብሎ ይወርዳል። ዝምታው ሲከብደኝ አፌን ከፈትኩ። «አንተ ክርስቲያን አይደለህ እንዴ? ለምን ታለቅሳለህ? በትንሣኤ ታገኛቸዋለህ እኮ» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እሱንማ አውቃለሁ» አለኝ። «ዛሬ ግን አራት ሰዓት ሲሞላ መድኃኒት የምሰጣት እናት የለችኝም።»

የተናገርኩት ውሸት አልነበረም። ጊዜው ነው የተሳሳተው። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ እሱን ለማጽናናት አልነበረም የተናገርኩት፤ ዝምታውን መቋቋም አቅቶኝ ነው።

በኋላ መጽሐፍ ቅዱሴን ስገልጥ የበለጠ አፈርኩ። ጌታ አልዓዛርን ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ እንደሚያስነሣው ያውቃል። ማርታንም «ትንሣኤና ሕይወት እኔ ነኝ» ብሏታል። ግን ወደ መቃብሩ ሊወስዱት ሲሉ አለቀሰ። «እናንተ ግራ የገባችሁ፣ ቆይ ታያላችሁ» ብሎ እንባቸውን አላቋረጠም።

እስጢፋኖስን ደግሞ ተመልከት። ሰማይ ተከፍቶ አይቶ ነው የሞተው። ከዚህ የበለጠ ምን ማጽናኛ አለ? የቀበሩት ሰዎች ግን «ታላቅ ልቅሶ አለቀሱለት» ይላል። እምነት ያነሳቸው አይመስለኝም፤ ወንድማቸውን ስላጡ ነው ያለቀሱት።

ጳውሎስም ቢሆን «ሞትም ጥቅም ነው» ብሎ በጻፈበት በዚያው የፊልጵስዩስ መልእክት፣ አፍሮዲጡ ታምሞ ሊሞት ደርሶ እንደ ነበር ይነግረናል። እግዚአብሔር የማረው «ኀዘን በኀዘን ላይ እንዳይጨመርብኝ» ነው ይላል። የራሱን ሞት ጥቅም ያለው ሰው የጓደኛውን ሞት ፈራ። ለተሰሎንቄ ሰዎችም አትዘኑ አላላቸውም፤ «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» አትዘኑ ነው ያላቸው። ያቺን ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቆርጠን ስንጥላት ነው ሰው የምንጎዳው።

የጥንት ክርስቲያኖች መቃብራቸውን በግሪክኛ «ኮይሜቴሪዮን» ይሉት ነበር፤ መኝታ ቦታ ማለት ነው። የተኛ ሰው ይነሣል፣ ልክ ነው። እስኪነሣ ድረስ ግን ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ይናፍቃል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አጠገቡ ተቀመጥ። የሟቿን ስም ጥራ፣ የምታስታውሰው ነገር ካለ አውራ። ስለ ትንሣኤ እሱ ራሱ ሲያነሣ ተቀበለው። ከወር በኋላ ሁሉም ወደ ጉዳዩ ሲበተን ደውልለት። ያን ጊዜ ነው ቤቱ ጭር የሚለው።

ነፍስን ብቻ ማሰብ

ሲጠየቁ «ነፍሴ ሰማይ ትገባለች» የሚሉ ክርስቲያኖች ብዙ ናቸው፤ ስለ ሥጋቸው የሚያነሡ ግን ጥቂት ናቸው። በ381 እ.ኤ.አ. የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ካጸናው የሃይማኖት ጸሎት መጨረሻ ላይ ያለው ተስፋ ግን የሙታን ትንሣኤና የሚመጣው ሕይወት ነው። የተነሣው ጌታም መንፈስ መስሏቸው ሲደነግጡ «አንዳች የሚበላ አላችሁን?» ብሎ ጠየቃቸውና የተጠበሰ ዓሣ ፊታቸው በላ። የችንካሩ ምልክት እንኳ አልጠፋም ነበር።

ይህን የሚያምን ሰው በሽተኛ ሲያጥብ፣ ሽማግሌ ሲደግፍ የሚነካው ነገር ነገ የሚጣል ቅርፊት አይደለም። የራሱንም እንቅልፍና ጤና አይንቅም።

ሰማይ እያዩ መቆም

ሐዋርያት ጌታ ሲያርግ አንጋጠው ቀሩ። ነጭ የለበሱት ሁለቱ ሰዎች «የገሊላ ሰዎች ሆይ፥ ወደ ሰማይ እየተመለከታችሁ ስለ ምን ቆማችኋል?» አሏቸው። ወደ ከተማ ተመለሱ፣ ሥራ አለ ማለት ነው።

ተሰሎንቄም ውስጥ «ጌታ ሊመጣ ነው» በሚል ወሬ የታወኩ፣ ሥራ ፈትተው የሚዞሩም ሰዎች ነበሩ። ጳውሎስ ቀጭን ትእዛዝ ላከ፤ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ።» ዛሬም ቀን የሚቆጥሩ፣ ዜና በተሰማ ቁጥር የመጨረሻውን ዓመት የሚያሰሉ አሉ። ጌታ «ይህ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» ያለውን ስሌት ላይ ጊዜ ማጥፋት ይገርመኛል።

አንደኛ ቆሮንቶስ 15ን ስታነብ መጨረሻውን አትለፈው። 58 ቁጥር ሙሉ ስለ ትንሣኤ ነው። መለከት አለ፣ «ሞት ሆይ፥ መውጊያህ የት አለ?» አለ። ከዚያ በመጨረሻዋ ቁጥር ጳውሎስ ድካማችሁ በጌታ ከንቱ አይደለምና ሥራችሁ ይብዛ ይላል። ቀጣዩ ምዕራፍ ሲከፈት ወሬው ስለ መዋጮ ነው! በኢየሩሳሌም ላሉት ድኾች በየሳምንቱ እሑድ ያላችሁን አስቀምጡ እያለ። ከመለከት ወደ ገንዘብ ቦርሳ በአንድ እስትንፋስ። ጳውሎስ ሁለቱ የተለያዩ ጉዳዮች አልመሰሉትም።

ጥርጣሬን መደበቅ

ማቴዎስ የተነሣውን ጌታ አይተው ስለ ሰገዱት ሲጽፍ «የተጠራጠሩ ግን ነበሩ» ብሎ ይጨምራል። ሊተወው ይችል ነበር፤ አልተወውም። ወደ ኤማሁስ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚጓዙት ሁለቱም «ተስፋ አድርገን ነበር» ብለው ለራሱ ለጌታ ነገሩት። ያቺ «ነበር» የምትለዋ ቃል አንገት ታስደፋለች። እሱ ግን አብሯቸው ሄደ፣ መጻሕፍትን ተረጎመላቸው፣ እንጀራ ቆረሰላቸው። ተደብቆ የቆየ ጥርጣሬ ያድጋል፤ ለምታምነው ሰው ወይም ለንስሐ አባትህ ንገር።

ስንወድቅ «ድሮም ውሸት ነበር» ማለት

በጾሙ ወራት የተውነው ነገር ከበዓሉ በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ንዴቱ፣ ስልኩ፣ መጠጡ፣ ሐሜቱ። ከዚያ «ከመጀመሪያውም አልተለወጥኩም» እንልና ሁሉንም እንተዋለን። ውድቀቱ አንድ ነገር ነው፤ ከውድቀቱ በኋላ ለራሳችን የምንሰጠው ፍርድ ሌላ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀረን ሁለተኛው ነው።

ጴጥሮስ ባዶውን መቃብር አይቷል። የተነሣውንም ጌታ አይቷል። ከዚያ በኋላ ነው «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ» ብሎ ወደ ድሮ ሥራው የሄደው። ሌሊቱን ሙሉ ምንም አልያዘም። ሲነጋ ወደ ዳር ወጣ፣ የፍም እሳትም አየ። ለዚህ የፍም እሳት የገባው የግሪክኛ ቃል በሐዲስ ኪዳን የሚገኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ዮሐንስ ወንጌል ውስጥ። አንደኛው በሊቀ ካህናቱ ግቢ ጴጥሮስ እየሞቀ «አላውቀውም» ያለበት ነው። ሁለተኛው ይሄ ነው። ጌታ ዓሣ እየጠበሰ ይጠብቀዋል። «ትወደኛለህን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት አበላው።