የጋራ ኮምፒውተር ላይ የዘጋችሁት ፕሮግራም ለምን ይከፈታል? ችግርና መፍትሄ

አንድ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሰው ይሠራል። ከፕሮግራሞቹ አንዱ ግን የሁሉም አይደለም። የደመወዝ ይሁን፣ የሠራተኛ መዝገብ ይሁን፣ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ እንዲከፍተው ትፈልጋላችሁ። ዘጋሁት ያላችሁት በማግስቱ ተከፍቶ ይገኛል። ይባስ ሲል ደግሞ እናንተው ራሳችሁ መግባት ያቅታችኋል። እዚህ የምናወራው ስለ ዊንዶውስ ነው፤ 10ም ሆነ 11 ነገሩ ያው ነው።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሁለተኛ የአድሚን (ሙሉ መብት ያለው) አካውንት ፍጠሩ። ፓስወርድ ስጡትና ገብታችሁ ሞክሩት። ፐርሚሽን (ማን ምን መክፈት እንደሚችል የሚወስነውን ፈቃድ) ስትነካኩ ከውጭ ተቆልፋችሁ ብትቀሩ የሚያስገባችሁ እሱ ነው። ይህን የዘለለ ሰው ብዙ ጊዜ ይጸጸታል።

ችግር፦ የቱንም ያህል ብዘጋው ይከፍቱታል

ምክንያት፦ ሰዎቹ የሚገቡት በአድሚን አካውንት ነው። ከጠቅላላው ጣጣ ትልቁ ይሄ ነው። አድሚን የሆነ ሰው የዘጋችሁትን ሁሉ መልሶ መክፈት ይችላል። ለእሱ ፐርሚሽን ማለት ቁልፉን በእጁ ሰጥቶ በሩን እንደመዝጋት ነው።

ለማጣራት ወደ ሰውዬው አካውንት ግቡና አንድ ፕሮግራም ላይ በቀኝ ተጭናችሁ «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሉ። ዊንዶውስ «የስ» ወይም «ኖ» ብቻ ከጠየቀ አካውንቱ አድሚን ነው። የአድሚን ፓስወርድ ከጠየቀ ስታንዳርድ (መብቱ የተገደበ ተራ አካውንት) ነው።

መፍትሄ፦ ሴቲንግስ ውስጥ አካውንትስ ግቡ። የሌሎች ተጠቃሚዎች ዝርዝር ላይ አካውንቱን ምረጡና ዓይነቱን ወደ ስታንዳርድ ዩዘር ቀይሩ። ሁሉም ሰው በአንድ አካውንት የሚገባ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለየሰዉ የራሱን አካውንት ክፈቱለት። ዊንዶውስ የሚያውቀው አካውንቱን እንጂ ኪቦርዱ ላይ የተቀመጠውን ሰው አይደለም። በአንድ አካውንት የሚገቡ አምስት ሰዎች ለእሱ አንድ ሰው ናቸው።

ችግር፦ ስታንዳርድ ሳደርጋቸው ሌላ ፕሮግራም እምቢ አለ

ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም ወደ አድሚን የሚመልሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። አትመልሱ።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ፕሮግራም ነው። መረጃውን የሚጽፈው «ፕሮግራም ፋይልስ» በሚባለው የፕሮግራሞች ማስቀመጫ ውስጥ ባለው በራሱ ፎልደር ላይ ነው። ስታንዳርድ ተጠቃሚ ደግሞ እዚያ ማንበብና ማስነሳት እንጂ መጻፍ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የሚያስፈልገው አድሚንነት ሳይሆን አንድ ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ነው። መረጃ የሚጽፍበትን ፎልደር ፈልጉ፤ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኪዩሪቲ፣ ኤዲት ብላችሁ ለሚሠሩበት ሰዎች «ሞዲፋይ» (የመጻፍና የመቀየር ፈቃድ) ስጡ። ፕሮግራሙ ራሱ ያለበትን ፎልደር በሙሉ ግን አትስጡ። ማንም ሰው የፕሮግራሙን ፋይል በሌላ ሊተካው ይችላልና። የቱ ፎልደር እንደሆነ ካላወቃችሁ የማይክሮሶፍት ፕሮሰስ ሞኒተር የተባለ ነፃ መሣሪያ አለ። ፕሮግራሙ የት ላይ «አክሰስ ዲናይድ» እንደተባለ አንድ በአንድ ያሳያችኋል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ አቋራጭ ይመክሯችሁ ይሆናል፦ ፕሮግራምን በሌላ አካውንት በሚያስነሳው የራንአዝ ትዕዛዝ የአድሚን ፓስወርድ ሾርትከት ላይ እንዲታወስ ማድረግ። በጭራሽ አታድርጉት። የታወሰው ፓስወርድ ለዚያ ፕሮግራም ብቻ አይደለም የሚሠራው፤ ሰውዬው በዚያው ትዕዛዝ የፈለገውን ፕሮግራም በአድሚን ማስነሳት ይችላል። ከዚህ በፊት ተደርጎ ከሆነ በሰውዬው አካውንት ገብታችሁ ዊንዶውስ የታወሱ ፓስወርዶችን በሚያስቀምጥበት ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ አጥፉት።

ችግር፦ አንዱ የመዘገበውን ሌላው አያየውም

ይሄ ሰውን ግራ የሚያጋባ ነው። ጠዋት የገባው መረጃ ከሰዓት በሌላ አካውንት ሲታይ የለም። ማንም አላጠፋውም። አሮጌ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በተከለከለ ቦታ ሊጽፍ ሲል ዊንዶውስ በዝምታ ወደ ተጠቃሚው የግል ፎልደር ሊያዞረው ይችላል። ፎልደሩ በየሰዉ አፕዳታ፣ ሎካል ውስጥ ቨርቹዋልስቶር ይባላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቅጂ ላይ ይሠራል ማለት ነው። ፕሮግራሙ የመረጃ ቦታ መቀየር የሚፈቅድ ከሆነ ወደ ጋራ ፎልደር ውሰዱት፤ ካልፈቀደ ከላይ እንዳልነው የመረጃ ፎልደሩ ላይ «ሞዲፋይ» ስጡ። ቅጂዎቹን ግን ከማዋሃዳችሁ በፊት ሁሉንም ባካፕ አድርጉ፤ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ የሚለየው በዝርዝር ሲታይ ነው።

ችግር፦ አይከኑን ደብቄዋለሁ፤ ግን አሁንም ይገባሉ

አይከን ማጥፋት መዝጋት አይደለም። ፕሮግራሙ ዲስኩ ላይ ስላለ በሰርች ወይም ፎልደሩ ድረስ በመሄድ ይነሳል። የዊንዶውስ ደንቦች በሚወጡበት ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ ያለው «እነዚህ ፕሮግራሞች አይነሱ» የሚለው ደንብም ከዚህ ብዙ አይሻልም። የሚያየው የፋይሉን ስም ነው፤ የሚያግደውም ከፋይል ኤክስፕሎረር የሚነሳውን ብቻ ነው። ስሙን የቀየረ ወይም ከኮማንድ ፕሮምፕት ያስነሳ ሰው ያልፋል። በዚያው ኮምፒውተር ላይ የሚወጣ ፖሊሲ ደግሞ አድሚኑንም ጭምር ያግዳል። እሱን ለማስቀረት ኤምኤምሲ በሚባለው የዊንዶውስ ማስተዳደሪያ መስኮት በኩል «ነን አድሚኒስትሬተርስ» (አድሚን ያልሆኑ) ለሚለው ቡድን ብቻ የሚሆን ፖሊሲ መክፈት ይቻላል።

የሚያዋጣው ፎልደሩ ላይ ያለው ፈቃድ ነው። በፕሮግራሙ ፎልደር ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኪዩሪቲ፣ አድቫንስድ ግቡ። «ዲሴብል ኢንሄሪታንስ» (ከላይኛው ፎልደር የሚወረሰውን ፈቃድ ማቋረጫ) በሉና ሲጠይቃችሁ የነበሩትን ፈቃዶች ወደ ቀጥታ ፈቃድ የሚቀይረውን ምረጡ። ከዚያ «ዩዘርስ» (ሁሉም ተጠቃሚዎች) የሚለውን አውጡ። ሲስተምንና አድሚኒስትሬተርስን አትንኩ። በመጨረሻ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ጨምሩና «ሪድ ኤንድ ኤክሰኪዩት» (የማንበብና የማስነሳት ፈቃድ) ስጧቸው። በዊንዶውስ ፕሮ ለእነሱ አንድ ቡድን መፍጠር ይሻላል፤ ሰው ሲመጣና ሲሄድ ቡድኑን ብቻ ትነካላችሁ። ሆም ላይ ያላችሁ ሰዎቹን በስም አንድ በአንድ ጨምሩ።

«ዲናይ» የሚለውን መከልከያ ግን አትጠቀሙ። «ዩዘርስ» ወይም «ኤቭሪዋን» ላይ ዲናይ ካደረጋችሁ አድሚኑም በውስጡ ስላለ እናንተም ትታገዳላችሁ። ማውጣት በቂ ነው። ያልተፈቀደለት ሰው አይገባም።

ችግር፦ ከዚያ በኋላ እኔም አልገባ አልኩ፤ አድሚን ነኝ እኮ!

ምክንያቱ ዩኤሲ የሚባለው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ አድሚን ሲገባ ዊንዶውስ መደበኛ ሥራውን እንደ ስታንዳርድ ተጠቃሚ ያሠራዋል፤ የአድሚንነት መብቱ የሚነቃው ሲጠየቅና «የስ» ሲል ነው። ስለዚህ ፎልደሩ ላይ አድሚኒስትሬተርስ ብቻ ከቀረ በተራ ክሊክ አይከፈትም። ፎልደሩን ስትከፍቱ «ኮንቲኒው» የሚል ይመጣል። አትቸኩሉ፤ እሱን ስትጫኑ ዊንዶውስ የእናንተን አካውንት ለብቻው ዝርዝሩ ላይ ይጨምረዋል፣ እዚያው ይቀራልም። ከጊዜ በኋላ ዝርዝሩ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ስም ይሞላል። ይልቅ ራሳችሁን የተፈቀደላቸው ቡድን ውስጥ አስገቡ። ሳይን አውት አድርጋችሁ ተመለሱ። የቡድን አባልነት የሚታወቀው በመግቢያ ጊዜ ነውና ሳይወጡ መሞከር አይሠራም። «ጨመርኩት ግን አልገባም አለ» የሚለው አቤቱታም መነሻው ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

ሴኪዩሪቲ የሚለው ታብ ጭራሽ ከሌለ ድራይቩ ፎርማት የተደረገው በኤፍኤቲ32 ወይም በኤክስፋት ነው፤ እነዚህ ፈቃድ አይዙም። ፕሮግራሙን ኤንቲኤፍኤስ ወደሆነ ድራይቭ አዛውሩ። አፕዴት ከተደረገ በኋላ ለሁሉም የተከፈተ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ፈቃዱን ያስቀመጣችሁት ፋይሉ ላይ ነው። አዲስ ፋይል ሲተካው ፈቃዱም አብሮ ይሄዳል። ፎልደሩ ላይ አስቀምጡት፤ ከትልቅ አፕዴት በኋላም አንዴ ተመልከቱት።

ችግር፦ ከፍላሽ አምጥተው ያስነሱታል

ፎልደር መዝጋት ከውጭ የመጣን ቅጂ አያግድም። ለዚህ የትኛው ፕሮግራም እንደሚነሳ በደንብ የሚወስን አፕሎከር የሚባል የዊንዶውስ መሣሪያ አለ። መደበኛ ደንቦቹ ማንም ሰው ከዊንዶውስና ከፕሮግራም ፋይልስ ፎልደሮች ብቻ እንዲያስነሳ ይፈቅዳሉ፤ አድሚን ከየትም ያስነሳል። መደበኛ ደንቦቹን ሳትፈጥሩ የራሳችሁን ብቻ ካስገባችሁ ያልተፈቀደው ሁሉ ይታገዳል፤ ያኔ ሥራ ይቆማል። መጀመሪያ «ኦዲት ኦንሊ» (ሳያግድ መመዝገብ ብቻ) ላይ አድርጉትና የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ የሚታይበትን ኢቨንት ቪወርን ተመልከቱ። እዚያ ቁጥር 8003 ማለት ደንቡ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ይታገድ ነበር ማለት ነው፤ 8004 ደግሞ ታግዷል። ደንብ አውጥታችሁ ምንም ካልተለወጠ «አፕሊኬሽን አይደንቲቲ» የሚባለው ሰርቪስ እየሠራ መሆኑን አጣሩ።

ችግር፦ ፕሮግራሙ ተዘግቷል፣ መረጃው ግን ወጣ

ሰው የሚፈልገው ፕሮግራሙን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ነው። መረጃው ክፍት ፎልደር ውስጥ ከተቀመጠ በሌላ ፕሮግራም ይነበባል ወይም በፍላሽ ይወሰዳል። የመረጃ ፎልደሩም ላይ እንዲሁ «ዩዘርስ»ን አውጥታችሁ ለተፈቀደላቸው ብቻ «ሞዲፋይ» ስጡ፤ ባካፑንም አትርሱት፣ ብዙ ጊዜ ተረስቶ የሚቀረው እሱ ነው። ሶፍትዌሩ የራሱ ተጠቃሚና ፓስወርድ ካለው ለየሰዉ ለይታችሁ ስጡ።

ኮምፒውተሩን በሌላ ሲስተም ከፍላሽ ማስነሳት የሚችል ሰው የዊንዶውስን ፈቃድ ጭራሽ አይጠየቅም። ይህን የሚያቆመው ዲስኩን በቢትሎከር ማመስጠር ነው። የመመለሻ ቁልፉን ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ አታስቀምጡት።